በእጅ የሚሠራ የብረት ጥሩር፦ የቱን ሽቦ፣ የቱን ቀለበት፣ የቱን አሠራር እንምረጥ?

ደሴ ሙጋድ ወይም ኮምቦልቻ መሀል ከተማ አንዱ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ «ሽቦ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ «ለምን የሚሆን?» ይላችኋል። ለአጥር ካላችሁ ነጩን፣ ፌሮ ለማሰር ካላችሁ ጥቁሩን ጥቅል ጎትቶ ያወጣል። «ለጥሩር» ብትሉት ግን ምን እንደሚሰጣችሁ አያውቅም፤ መልሱን ይዞ መግባት ያለበት ገዢው ነው። የቀለበቱ ስፋት፣ የመቁረጫው ዓይነት፣ የልብሱ ክብደት፣ ክረምት ሲገባ የሚያሳየው ጠባይ ሁሉ ከዚያች ግዢ የሚከተሉ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛውን ቦታ ለሽቦውና ለቀለበቱ ልክ ሰጥቼ፣ ሌላውን ባጭሩ አነጻጽራለሁ።

ጥሩር የምለው ከላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ደረት መሸፈኛ አይደለም። ትንንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ጨርቅ የሚታጠፉበትን ሸሚዝ ነው። በአውሮፓ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚደርሱ ቁርጥራጮች ከኬልቶች መቃብር ተገኝተዋል፤ በጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ፈረሰኞች ይለብሱት ነበር። ለወሎ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ነቢዩላህ ዳውድ ብረት ገርቶላቸው ጥሩር እንዲሠሩ፣ ቀለበቱንም በልክ እንዲያደርጉ መታዘዛቸውን ሱረቱ ሰበእን የቀራ ያውቀዋል። ዳዊት ሳኦል ያለበሰውን ጥሩር መራመድ ቢያቅተው እንዳወለቀውም ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ያስታውሳል። ልክና ክብደት፦ የዚህ ሥራ ሁለቱ ትልልቅ ጥያቄዎች ዛሬም እነዚሁ ናቸው።

ለምን ትፈልጉታላችሁ?

ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲታይ የሚሠራ ጥሩር ክብደቱ አያስጨንቅም፤ አለመዛጉና ማማሩ ይበቃል። ለመድረክ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወሎ ባህል አምባ ላይ ተዋናይ ለብሶት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከሁሉም በፊት ቅለት ይፈለጋል። ለራስ ለመልበስ፣ ለፎቶ፣ ለበዓል ትርኢት ከሆነ መሀል ላይ ያለውን ትመርጣላችሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ ብቻ የተዘጋ ቀለበት ሹል ነገር ሲያርፍበት ይከፈታል። ሰውነት ላይ አድርጎ በቢላዋም ሆነ በጦር መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ሽቦው

ጥቁሩ ሽቦ፣ ያ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት፣ ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል። ፋብሪካው ውስጥ ግሎ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ ለስላሳ ነው፤ ጣትና አንጓ አያደክምም። ለመማሪያ ከእርሱ የተሻለ የለም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለስላሳነቱ ራሱ፦ የቀለበቱ ስፋት ትንሽ ሲበዛ በልብሱ ክብደት ብቻ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ ዝገት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ሥር ናት፤ በልግም ክረምትም ይዘንብባታል፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ዘይት ያልነካው ጥቁር ሽቦ ያንን ወቅት ቀይ ሳይሆን አያልፈውም። ኮምቦልቻ ወደ 650 ሜትር ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሞቃትና ደረቅ ናት፤ እዚያ ጥቁሩ ሽቦ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣል፤ የለባሹ ላብ ግን ሁለቱም ከተማ ላይ ያው ላብ ነው።

ነጩ ሽቦ፣ ማለትም ዚንክ የለበሰው የአጥር ሽቦ፣ የእኔ ምርጫ ነው። ለአብዛኛው ሰው፣ በተለይ ለደሴ ሰው፣ ይህን ገዝቶ ሌላውን ጥያቄ ቢዘጋ ይሻለዋል እላለሁ። ከጥቁሩ ጠንከር ይላል፣ ቅርጹን ይይዛል። ዚንኩ የሚጠብቀው የሸፈነውን ቦታ ብቻ አይደለም፤ የተቆረጠውን ጠባብ ጫፍም ለብረቱ ተሠውቶ ለረጅም ጊዜ ይከላከልለታል። እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት የተቆረጡ ጫፎች ስላሉት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስትገዙ ጫፉን ይዛችሁ ሽቦውን በራሱ ላይ አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ዚንኩ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ያንን ጥቅል ተዉት፤ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል፣ በጊዜ ብዛት ወደ ደብዛዛ ግራጫ ይሄዳል፤ እኔ ግራጫውን እወደዋለሁ፣ የቆየ ብረት መልክ ይሰጠዋል። በዚህ ሽቦ የተከለከለ አንድ ነገር አለ፦ እሳት። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ የብየዳ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። ለማጽዳትም ኮምጣጤና ሎሚ አትጠቀሙ፤ ዚንኩን ይበሉታል። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል።

ስቴንለስ የሚመኘው ሰው ብዙ ነው፤ አይዝግም፣ ሲያብረቀርቅ ይኖራል። እዚህ ግን የሚገኝበት መልክ ለዚህ ሥራ አይመችም። የብየዳ ዕቃ ሻጮች ጋ የሚታየው 1.6 ሚሊሜትር የስቴንለስ ዘንግ ቁመቱ አንድ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ዘንግ የሚወጣው ባለ 8 ሚሊሜትር ቀለበት ቢበዛ 33 ነው። ለ15 ሺህ ቀለበት ስንት ዘንግ እንደሚያስፈልግ አስሉት፦ ወደ 450 ይጠጋል፤ ከእያንዳንዱ ጫፍ የሚባክነውን ስትጨምሩ ከዚያም ያልፋል። ጥቅል የብየዳ ሽቦ ካገኛችሁ ይሻላል፤ ያም ቢሆን እንደ ስፕሪንግ የሚመለስ፣ ፒንሳውንም ክንዱንም የሚያደክም ብረት ነው። ለአንገት ጌጥ፣ ለእጅ አምባር ይሁን። ሙሉ ሸሚዝ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

አሉሚኒየም ከብረት አንድ ሦስተኛውን ገደማ ብቻ ይመዝናል። ለመድረክ የሚሠራ ሰው ዓይኑን ሳያሽ እርሱን ይምረጥ፤ ስምንት ኪሎ ለብሶ ከመጨፈርና ሦስት ወይም አራት ኪሎ ለብሶ ከመጨፈር የቱ እንደሚሻል መንገር አያስፈልግም። ንጹሕ አሉሚኒየም በጣም ለስላሳ ስለሆነ ወፈር ያለ ሽቦና ጠበብ ያለ ቀለበት ይፈልጋል፤ ነጭ ልብስ ላይም ጥቁር ይለቅቃል። ምንጩ ላይ ተጠንቀቁ። ቁራሌው ጋ በኪሎ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ገመድ አንዳንዴ ከኤሌክትሪክ መስመር ተቆርጦ የመጣ ይሆናል። ደረሰኝ የማይቆረጥለትን አትግዙ፤ የሰፈር መብራት አጥፍቶ የመጣ ሽቦ ለማንም ጌጥ አይሆንም።

መዳብ ውድ ነው፣ ከብረትም ይከብዳል፤ ሙሉ ሸሚዝ አይሠራበትም። ለጠርዝ ግን እጅግ ያምራል፦ ከታች ሦስት ረድፍ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ሁለት ረድፍ። የቤት መስመር ሽቦ ያገለግላል፤ 2.5 የሚባለው ባለ አንድ ዘንጉ ሽቦ መዳቡ 1.78 ሚሊሜትር፣ 1.5 የሚባለው 1.38 ሚሊሜትር ይወፍራል። ፕላስቲኩን በቢላዋ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። በዚሁ ምክንያት ከተቃጠለ ጎማ የሚወጣውን ሽቦ ጨርሶ ከምርጫ አወጣዋለሁ፦ ቀጭን ነው፣ እሳቱ ጠባዩን አበላሽቶታል፣ ያንን ጭስ የተነፈሰው ልጅም ያሳዝነኛል።

የቱንም ብትመርጡ ለሙሉው ሸሚዝ የሚበቃውን ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ጊዜ ግዙ። በወሩ ተመልሳችሁ የምታገኙት ጥቅል «ያው ነው» ቢባልም ውፍረቱ ወይም ጥንካሬው ትንሽ ይለያል፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት ደረት ላይ እንደ መስመር ትታያለች።

የቀለበቱ ልክ

ከሽቦው ቀጥሎ ያለው ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። የቀለበቱን የውስጥ ስፋት ለሽቦው ውፍረት አካፍሉ። 8 ሚሊሜትር ለ1.6 ሲካፈል 5 ይመጣል። ይህን ቁጥር «ልክ» እንበለው። በተለመደው ባለ አራት አያያዝ (እያንዳንዱ ቀለበት በሌሎች አራት ውስጥ በሚያልፍበት) ልኩ ከ3 ተኩል በታች ሲወርድ ቀለበቱ መግቢያ ያጣል፣ ልብሱም እንደ ሰሌን ይገተራል። ከ6 ሲያልፍ ደግሞ ይላላል፣ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ዓሣ መረብ ይመስላል። ከ4 እስከ 5 ተኩል ያለው የሚሠራበት ሜዳ ነው። ለጠንካራ ሽቦ 5 ጥሩ ነው፤ ለጥቁሩና ለአሉሚኒየም ወደ 4 ዝቅ በሉ።

ሦስት መጠኖች ላነጻጽር፤ ሁሉም ለመካከለኛ ቁመና፣ አጭር እጅጌ ላለው ሸሚዝ፣ በብረት ሽቦ የተሰሉ ግምቶች ናቸው። ወፍራሙ፣ የ2 ሚሊሜትር ሽቦ በ10 ሚሊሜትር ቀለበት፣ ከ10 እስከ 13 ሺህ ቀለበት ይበቃዋል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ነገር ግን ከ9 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ መልኩም ሻካራ ነው። መካከለኛው፣ የ1.6 ሽቦ በ8 ሚሊሜትር፣ ከ15 እስከ 20 ሺህ ቀለበት ይጠይቃል፤ ክብደቱ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ተኩል። ቀጭኑ፣ የ1.2 ሽቦ በ6 ሚሊሜትር፣ ከ5 ተኩል እስከ 7 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ ሲታይም እንደ ሐር ይወርዳል፤ ግን ከ27 እስከ 36 ሺህ ቀለበት አንድ በአንድ መክፈትና መዝጋት አለ። ልኩ በሦስቱም 5 ነው፤ የሚለየው ትዕግሥቱና ትከሻው ነው። በሰዓት ከ150 እስከ 250 ቀለበት የሚያያይዝ ሰው የ15 ሺሁን ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይጨርሰዋል። የ30 ሺሁ እጥፍ ነው። መካከለኛውን ያዙ።

ሙሉ ጥቅሉን ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ሜትር ብቻ ገዝታችሁ 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ሥሩ። ሸሚዙ በጠቅላላ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ስለሚጠጋ የእናንተ ልብስ የዚህች ቁራጭ መቶ እጥፍ ነው። ቀለበቱን ቆጥራችሁ በመቶ አባዙ፤ ቁራጯን ወርቅ ቤት ወይም ቅመም ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኑና በመቶ አባዙ። የራሳችሁ እጅ፣ የራሳችሁ ሽቦ የሚሰጠው ቁጥር እዚህ ከጻፍኩት ግምት ይልቅ ይታመናል። ለ1.6 ሽቦ ከአንድ ኪሎ 2,100 ገደማ ቀለበት ይወጣል፤ ለሚባክነው አንድ ኪሎ ጨምራችሁ ግዙ።

አያያዙ

ባለ አራቱ፣ እያንዳንዱ ቀለበት በሌሎች አራት ውስጥ የሚያልፍበት፣ አብዛኛው የአውሮፓና የምሥራቅ ጥሩር የተሠራበት ነው። ባለ ስድስቱ ይጠብቃል፣ ይከብዳል፣ ቀለበትም ይጨርሳል፤ ልኩን ወደ 6 ከፍ ካላደረጋችሁለት አይታጠፍም። ለአንገት ዙሪያ ጥሩ ነው። የጃፓኑ አያያዝ ደግሞ ቀለበቶቹን አግድምና ቁም አድርጎ እንደ መስኮት ፍርግርግ ያስቀምጣቸዋል፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ይቀላል፣ ነገር ግን ሰውነት ላይ እንደ ባለ አራቱ አይለጠጥም። ለሸሚዝ ባለ አራቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሲተነፍሱ አብሮ ይሰፋል። ፍጥነት የሚሰጥም መላ አለው፦ ከቀለበቶቹ ግማሹን አስቀድማችሁ ዝጉ፣ ግማሹን ክፍት ተዉ። በአንድ ክፍት ቀለበት አራት የተዘጉ ቀለበቶችን ሰብስባችሁ ዝጉት። እንዲህ ያሉ አምስት አምስቶችን አዘጋጅታችሁ በመጨረሻ ማያያዝ ነው። ቡና እየተፈላ፣ ወሬ እየተወራ አምስት አምስቱን መሥራት ይቻላል፤ ማያያዙ ግን ብርሃንና ዝምታ ይፈልጋል።

ጫፍ ለጫፍ ወይስ በሚስማር?

ጥንት ለጦርነት የተሠሩት አብዛኞቹ ጥሩሮች ቀለበታቸው በሚስማር የተዘጋ ነበር፦ ጫፎቹ ይደራረባሉ፣ በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ፣ ይበሳሉ፣ ትንሽ ሚስማር ገብቶ ይቀጠቀጣል። ይህን ለሚወድ ሰው ጥቁሩ ሽቦ ነው የሚመረጠው፤ ለስላሳ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ይጠፈጠፋል። አንዱ ቀለበት የሚወስደው ጊዜ ጫፍ ለጫፍ ከሚዘጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ሙሉ ሸሚዝ የዓመታት ሥራ ይሆናል። አንድ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ግን ሠርታችሁ እዩ። አባቶቻችን «ቀጥቃጭ» እያሉ ዝቅ አድርገው ያዩት የነበረው ሙያ ስንት ዓይንና ስንት ጣት እንደሚጠይቅ ያኔ ይገባል፤ ያ ንቀት ያሳፍረኛል።

ለቀሪው ሰው ጫፍ ለጫፍ ነው። አዘጋጉን አስተካክሉ፦ ሁለት ፒንሳ ያዙ፣ ጫፎቹን ወደ ግራና ቀኝ ጎትታችሁ ሳይሆን አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ ጠምዝዛችሁ ክፈቱ። ስትዘጉ ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጋችሁ ጫፎቹ ትንሽ እንዲተላለፉ አድርጉና መልሱ፤ ሲገጥሙ ጠቅ የምትል ስሜት እጅ ላይ ትመጣለች። ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ከቀረ ቀለበቱ አልተዘጋም።

መጠቅለልና መቁረጥ

ቀለበት የሚጀምረው ሽቦን በዘንግ ላይ እንደ ስፕሪንግ በመጠቅለል ነው። ዘንጉ ለስላሳ ይሁን። ጥርስ ያለው ቶንዲኖ (የፌሮ ብረት) ላይ የተጠቀለለ ሽቦ አልወጣም ይላል፤ ወጥቶም ውስጡ ይቦጫጨራል። ብየዳ ቤት ዘንጉን በመያዣ መልክ እንዲያጥፉላችሁ፣ በሌላው ጫፍ የሽቦው አፍ የሚገባበት ስንጥቅ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቀዳዳ ባለው የእንጨት ክፈፍ ውስጥ ካስገባችሁት የእጅ ማጠንጠኛ ሆነ። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች፣ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ልክ 8 ሚሊሜትር የወጣ ዘንግ ማሠራት ትችሉ ይሆናል፤ ያ ከሁሉም ይሻላል። ሽቦው ከዘንጉ ሲለቀቅ ትንሽ እንደሚሰፋ አትርሱ፤ የሚለካው ዘንጉ ሳይሆን የተቆረጠው ቀለበት ነው።

በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ) የሚጠቀልሉም አሉ። ይፈጥናል፣ ግን ሽቦው ሲያልቅ ጫፉ እንደ አለንጋ ይወረወራል። ትራፓኖ ከያዛችሁ በዝግታ ይዙር፣ የዓይን መነጽር ይደረግ፣ ጓንት አይደረግ፤ የሚሽከረከር ዘንግ ጓንትን ከነጣት ይጠቀልላል። ሽቦውን በወፍራም ቆዳ ቁራጭ ምሩት። እኔ የእጁን እመርጣለሁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ የሽቦውንም ውጥረት እጅ ያውቀዋል። መጠቅለል ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ስለሆነ እዚያ ላይ መፍጠን ብዙም አያተርፍም።

መቁረጫ ላይ ግን ገንዘብ አውጡ። ተራው የኤሌክትሪሺያን መቁረጫ ፒንሳ ሽቦውን ከሁለት ወገን ስለሚቆነጥጥ ጫፉን ሹል ያደርገዋል፤ ሁለት ሹል ጫፍ ሲገናኝ መሀሉ ላይ ሸለቆ ይቀራል፣ ያ ሸለቆ ልብስ ይቦጭቃል። የላሜራ መቀስ እንደ መቀስ ስለሚቆርጥ ጫፉ ጠፍጣፋ ይወጣል፣ ለ1.6 ነጭ ሽቦም አቅሙ ይበቃዋል፤ በርካሽና በጥሩ መካከል ያለው ሚዛን እርሱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እጀታውን ደጋግማችሁ ጨብጡት፣ ምክንያቱም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ትጨብጡታላችሁ። መጋዝ ከሁሉም የጠራ ጫፍ ይሰጣል። የወርቅ ሠሪዎቹ ቀጭን መጋዝ ለመዳብና ለአሉሚኒየም ተወዳዳሪ የለውም፤ ለብረት ግን ምላጩ እየተሰበረ ያማርራል። ሰጌቶና (የብረት መጋዝ) ሞርሳ (የጠረጴዛ ማነቂያ) ይዞ ጥቅሉን በርዝመቱ መሰንጠቅም ይቻላል፤ የምላጩ ውፍረት የሚበላው ቦታ ግን ቀለበቱ ሲዘጋ ትንሽ ሞላላ ያደርገዋል። ግራይንደር ይህንኑ ያባብሰዋል፤ በነጭ ሽቦ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ የከለከልኩትን የዚንክ ጭስ ያመጣል። ግራይንደሩን ተዉት።

ተቆርጦ የተዘጋጀ ቀለበት ከውጭ የማስመጣት አማራጭም አለ። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎ ይዞ መምጣት ይችላል፤ ልኩ እኩል፣ ጫፉ የጠራ ይሆናል። ለአንገት ጌጥና ለትንሽ ሥራ ደስ ይላል። ለሸሚዝ ግን ስምንት ኪሎ ቀለበት ማሸከም ዘመድን መበደል ነው፤ መሀል ላይ ቢያልቅም ተመሳሳዩን መልሶ ማግኘት ያስቸግራል። ሽቦ ከዚሁ ከገበያ፣ ሥራው ከራስ እጅ።

ሸሚዝ ወይስ ሰደርያ?

ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌ የሌለውን ሰደርያ እመርጣለሁ፣ በተለይ ለኮምቦልቻ ሙቀት። ቀለበቱ ይቀንሳል፣ ክብደቱም እንዲሁ፤ ካስፈለገ እጅጌው በኋላ ይቀጠላል።

የልብሱ አቅጣጫ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ያቺን 10 በ10 ቁራጭ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን አንጠልጥሏት። በአንደኛው ትሰበሰባለች፣ ጎኗን ስትስቡት ትለጠጣለች፤ በሌላኛው ተከፍታ ትቀራለች። ረድፎቹ ወገብን አግድም እንዲዞሩ አድርጉ፤ ያኔ ልብሱ ሰውነት ላይ ይተኛል፣ ለትንፋሽም ይሰጣል። እጅጌውን ከደረቱ ረድፍ ዝም ብላችሁ ወደ ጎን ካስቀጠላችሁት ክንድ ሲወርድ ረድፉ ቁም ይሆናል፣ ክርን ላይም ይይዛል። እጅጌውን ለብቻው፣ ረድፉ ክንዱን እንዲዞር አድርጋችሁ ሥሩና ትከሻ ላይ አያይዙት፤ መጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ቀለበት ከአራት ይልቅ በሦስት ወይም በአምስት ቢያልፍ ችግር የለውም። ልኬታችሁን ከሥር በምትለብሱት ወፍራም ልብስ ላይ ውሰዱ፣ ደረት ላይም ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጨምሩ። አንገቱ ጭንቅላት ማስገባት ስላለበት ከፊት ስንጥቅ ትታችሁለት በቆዳ ጠፍር ይዘጋ።

ከሥር ምን ይለበስ?

ጥሩር ባዶ ቲሸርት ላይ ትከሻ ይቆርጣል። አንዱ አማራጭ ወፍራም ጃኬት ነው፤ በቂ ነው፣ ግን ቅርጽ አይሰጥም። የተሻለው ልብስ ሰፊ ጋ ሁለት ድርብ አቡጀዲ መሀሉ ጥጥ ተደርጎ፣ በቁም መስመር መስመር ተሰፍቶ የሚሠራ ሰደርያ ነው። ለደሴ ብርድ ጥጡ ወፈር ይበል፤ ለኮምቦልቻ ትከሻው ላይ ብቻ ድርብ ሆኖ ሌላው ስስ ቢሆን ይሻላል። ወገብ ላይ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ከላይ ያለውን ብረት ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት፤ የክብደቱ ከፊሉ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ስታስቀምጡት አትስቀሉት፤ በገዛ ክብደቱ የትከሻውን ቀለበቶች ይከፍታል። ለግድግዳ የምትፈልጉት ከሆነ ሰፊ የእንጨት ትከሻ አሠሩለት። ካልሆነ ጠቅልላችሁ ደረቅ ጆንያ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የነጩን ሽቦ ላቡን ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃል። ጥቁሩን በስፌት መኪና ዘይት በራሰ ጨርቅ እሹት፤ ዝገት ከጀመረው ከደረቅ አሸዋ ጋር ባልዲ ውስጥ ክዳን ገጥማችሁ ወዲያ ወዲህ አንከባሉት፣ አራግፉት፣ መልሳችሁ ዘይት ቀቡት። ደሴ ላይ ይህን ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ አድርጉት።